ጠይቁን፦ ቢግ ብሩተስና ሌሎች ጡረታ የወጡ የማዕድን ግዙፎች

ካንሳስ ውስጥ፣ ዌስት ሚነራል ከተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ ስላለው ቢግ ብሩተስ ባለፈው እትም ጥቂት መስመር ጽፈን ነበር። 49 ሜትር ቁመት ያለው የኤሌክትሪክ አካፋ፣ ማለትም ከከሰል በላይ ያለውን አፈር የሚያነሣ ግዙፍ ማሽን ነው፤ ከ1974 ወዲህ አልሠራም፤ ከ1985 ጀምሮ ግን ሙዚየም ሆኖ እንግዳ ይቀበላል። ያቺ አጭር ጽሑፍ ብዙ ደብዳቤ አመጣችብን። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ካንሳስ ሲቲ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች፤ ዕድሜዋ ከ70 አልፏል፣ ጉልበቷንም ያማታል። ልጆቼ 6 እና 9 ዓመታቸው ነው። ቀኑን ሙሉ መመደብ አለብን? ለእናቴስ የሚሆን ነገር አለ ወይስ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ልትጠብቀን ነው? (ከካንሳስ ሲቲ)

መልስ፦ እናትዎን መኪና ውስጥማ አያስቀምጧቸው። ከሚታየው ነገር ግማሹ ያለው መሬት ላይ ነው። ባኬቱ፣ ማለትም አፈር የሚዝቅበት ግዙፍ ማንኪያ፣ መሬት ነክቶ የተቀመጠ ስለሆነ አጠገቡ ሄዶ ማየት ይቻላል፤ አዋቂ ሰው ሳያጎነብስ ይቆምበታል። እንደ ታንክ የሚሄድባቸው ስምንቱ ሰንሰለቶች፣ በአራቱ ማዕዘን ሁለት ሁለት ሆነው፣ እዚያው ዓይን ፊት ናቸው። ሙዚየሙ ቤት ውስጥ ደግሞ የአካባቢው የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ዕቃዎችና ፎቶግራፎች አሉ። ይህን ሁሉ እናትዎ ያለ ደረጃ ሊያዩት ይችላሉ። ሜዳው ላይ ግን ጥላ እምብዛም ስለሌለ ጃንጥላና ተጣጣፊ ወንበር ይያዙላቸው።

ደረጃው የሚጀምረው ወደ ማሽኑ ሆድ ሲገባ ነው። የኦፕሬተሩ ጋቢና አምስተኛ ፎቅ በሚያክል ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ የሚደረሰው በብረት ደረጃ ነው። ጉልበት ለሚያመው ሰው ከመውጣት ይልቅ መውረዱ ይከፋልና «እስከ መጀመሪያው ብቻ ልውጣ» ቢሉም አይፍቀዱላቸው። ልጆቹ ይወጣሉ። ሲወጡ አዋቂው ከኋላ፣ ሲወርዱ አዋቂው ከፊት ይሁን፤ ትንሹ ቢንሸራተት የሚያርፈው እርስዎ ላይ ነው። ከላይ ወደ ውጭ የተዘረጋውን 46 ሜትር ቡም፣ ማለትም ባኬቱን የሚሸከመውን ረጅም ምሰሶ፣ መውጣት ክልክል ነው፤ ልጆቹ መጠየቃቸው ስለማይቀር ከቤት ሳትወጡ ንገሯቸው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ መንገዱ መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ዩኤስ 69ን ይዘው ወደ ደቡብ እስከ ፒትስበርግ አካባቢ ይወርዳሉ፣ ወደ ምዕራብ ታጥፈው ኬ 7ን ያገኛሉ፣ ከኬ 7 ደግሞ በኬ 102 ወደ ምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ምልክት አለ፤ እንዲያውም ምልክቱን ከማየትዎ በፊት ማሽኑን ያዩታል፣ አገሩ ሜዳ ነው። ስልኩ የጠጠር መንገድ «አቋራጭ» ካቀረበልዎ አይቀበሉት፤ ዝናብ በዘነበ ማግስት ጭቃ ነው። ግቢው ውስጥ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ጠዋት በእኛ ሰዓት 2 ሰዓት ላይ ከተነሡ ሙቀቱ ሳይበረታ ወጥተው ወርደው ይጨርሳሉ። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ብረቱ ይግላል፣ የእጅ መደገፊያው ሳይቀር። የሚመረጠው ወር ጥቅምት ነው። የመግቢያ ዋጋና የመዝጊያ ሰዓት እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ በዚያው ሳምንት ደውለው ይጠይቁ።

ምሳ ዌስት ሚነራል ላይ አገኛለሁ ብለው አይሂዱ። ወደ ፒትስበርግ ሲመለሱ ቺክን አኒስ እና ቺክን ሜሪስ የሚባሉ ጎረቤታሞች የተጠበሰ ዶሮ ቤቶች አሉ። ሁለቱንም የጀመሯቸው ባሎቻቸው በጉዳትና በሕመም ከማዕድን ሥራ የወጡባቸው ሴቶች ናቸው፤ አኒ በ1934 ነው የከፈተችው፣ ባሏ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ካጣ በኋላ። ስለዚህ ምሳውም የጉብኝቱ አካል ነው ማለት ይቻላል። በጾም ወቅት ከሆነ ግን ስንቅዎን ከቤት ይዘው ይውጡ፤ ከድንችና ከሽንኩርት በቀር የሚተርፍልዎ የለም።

ጥያቄ፦ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ቪዲዮ አይቼ ነው የምጠይቀው። ይህን ያህል ትልቅ ማሽን ለምን አስፈለገ? በብዙ ትናንሽ ኤክስካቫተርና ገልባጭ መኪና መሥራት አይቻልም ነበር? እንዴትስ ይንቀሳቀስ ነበር? (ከአዳማ)

መልስ፦ በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ብሩተስ ከሰል የሚያወጣ ማሽን አልነበረም። ሥራው ከከሰሉ በላይ ያለውን አፈርና ዐለት ማንሣት ነው። እዚያ አካባቢ ከሰሉ ከ6 እስከ 21 ሜትር ጥልቀት ላይ በቀጭን ንጣፍ ተኝቷል። ለቀጭን ንጣፍ ብዙ አፈር ማንሣት ግድ ስለሆነ ትርፍና ኪሳራ የሚለየው አንድ ሜትር ኩብ አፈር ለማንሣት በሚወጣው ገንዘብ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ማሽኑ ከተገለጠው ከሰል በላይ ይቆማል። ፊት ለፊቱ ያለውን ግድግዳ ከሥር ወደ ላይ እየፋቀ ባኬቱን ይሞላል፤ ወገቡን ያዞርና ከሰሉ አስቀድሞ ወደ ተነሣበት ባዶ ቦይ ይደፋዋል። ከኋላው ትናንሽ አካፋዎች የተገለጠውን ከሰል እያነሡ መኪና ላይ ይጭናሉ። መስመሩ ሲያልቅ ከጎኑ አዲስ መስመር ይጀመራል፤ የአዲሱ አፈር የአሮጌውን ቦይ ይሞላል። ልብ ካሉት አፈሩን የሚያጓጉዝ አንድም መኪና የለም። ገልባጭ፣ ናፍጣ፣ ጎማ፣ ሾፌር፣ መንገድ፣ ሁሉም ከሒሳቡ ወጥቷል። ለጥያቄዎ ዋናው መልስ ይህ ነው።

የቁመቱም ምክንያት ከዚሁ ይመጣል። የተደፋው አፈር ወደ ከሰሉ ተንሸራትቶ እንዳይመለስ ራቅ ብሎ፣ ከፍ ብሎም መደፋት አለበት። ለዚህ ነው ቡሙ 46 ሜትር የሆነው፤ ቡሙ ሲረዝም ሚዛን የሚጠብቀው የኋላ ክብደት ይጨምራል፣ ያን የሚሸከመው ሰንሰለት ይጨምራል፤ በመጨረሻ 5,000 ቶን ገደማ ላይ ይደረሳል። ባኬቱ 69 ሜትር ኩብ ይይዛል። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖትራክ ያውቃሉ፤ ከአራት ሲኖ የሚበልጥ አፈር በአንድ ማንኪያ ማለት ነው፣ 136 ቶን።

እንቅስቃሴዎቹ አራት ናቸው፦ ባኬቱን በብረት ገመድ ማንሣት፣ የባኬቱን ክንድ ወደ ግድግዳው መግፋት፣ ላይኛውን አካል ማዞርና በሰንሰለት መጓዝ። ባኬቱ አፉን ደፍቶ አይገለብጥም፤ ታችኛው መዝጊያ ተከፍቶ አፈሩ ይወርዳል። ጉብኝት ላይ የባኬቱን ወለል ማየት ያለብዎ ለዚህ ነው፤ ማጠፊያውም መቆለፊያውም እዚያ አሉ።

ኃይሉ ኤሌክትሪክ ነው፤ መሬት ለመሬት በሚጎተት ወፍራም ኬብል ይመጣል። ከመስመር የገባው ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) ትልልቅ ሞተሮችን ያዞራል፣ እነሱ ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ጄነሬተሮችን ያዞራሉ፣ የጄነሬተሮቹ ኃይል ደግሞ የማንሻውን፣ የመግፊያውንና የማዞሪያውን ዲሲ ሞተሮች ይመግባል። እናንተ ክፍል ውስጥ ዋርድ ሊዮናርድ በሚለው ስም ትማሩታላችሁ። ዙሪያ ጥምጥም ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን የጄነሬተሩን ፊልድ በትንሽ ጅረት እየለወጡ ግዙፉን ሞተር ከዜሮ ጀምሮ ሳያንገጫግጩ መቆጣጠር መቻሉ ነው። የተሞላ ባኬት የተንጠለጠለበትን ቡም በድንገት ቢያቆሙት የሚሰነጠቀው ብየዳው ነው። በዚህ አሠራር ባኬቱ ሲወርድና ዞሮ ሲቆም ሞተሮቹ ጄነሬተር ሆነው ኃይል ይመልሳሉ። ከፍተኛው ጉልበት 15,000 የፈረስ ጉልበት ይደርስ ነበር። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት በአንድ ፈረቃ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ኦፕሬተሩ፣ ዘይትና ግራሶ የሚከታተለው፣ ከታች ኬብሉንና መሬቱን የሚጠብቀው።

ብዙ ጎብኚ ሳያየው የሚያልፈው ከየሰንሰለቱ ጥንድ በላይ ያለውን የሃይድሮሊክ ጃክ ነው። መሬቱ ወጣ ገባ ሲሆን አራቱ ጃኮች ላይኛውን አካል አግድም ይጠብቁታል። ይህ ለምቾት አይደለም። ማሽኑ ትንሽ ቢያዘነብል የላይኛው ክብደት በሙሉ በመዞሪያው ክብ አንድ ጎን ባሉ ሮለሮች ላይ ያርፋል፤ ሮለሩና ሐዲዱ ይፈጫሉ፣ ማዞሪያ ሞተሩም በየዙሩ ዳገት መግፋት ይሆንበታል። በዚህ ዓይነት አካፋዎች ላይ ቶሎ ቶሎ የሚያልቁት የባኬት ጥርስና የማንሻ ገመድ ናቸው፤ እነሱ ይቀየራሉ። የመዞሪያው ክብ ከተበላ ግን ላይኛውን አካል ማንሣት ሊያስፈልግ ነው።

ፍጥነቱ በሰዓት 350 ሜትር ነው። ዕቃው ከደቡብ ሚልዋኪ፣ ከቡሳይረስ ኢሪ ፋብሪካ፣ በ150 የባቡር ፉርጎ መጥቶ ከሰኔ 1962 እስከ ግንቦት 1963 በ52 ሠራተኞች እዚያው ተገጣጠመ። ሞዴሉ 1850 ቢ ይባላል፣ የተሠራውም አንድ ብቻ ነው፤ ዋጋው 6.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። 11 ዓመት ሠርቶ በ1974 ቆመ። የካንሳስ ከሰል ድኝ የበዛበት ነው፤ እሱን ማውጣት የማያዋጣ ሲሆን ማሽኑን ነቅሎ ሌላ ቦታ መውሰድም የማያዋጣ ሆነ። ከቆመበት አለመነሣቱ ነው ያተረፈው።

ጥያቄ፦ የረጅም ርቀት ትራክ ነው የምነዳው። በአይ 44 ሳልፍ ብዙ ጊዜ ጆፕሊን አድራለሁ። 53 ጫማውን ትሬለር እንደያዝኩ ጎራ ማለት እችላለሁ? (ከዳላስ)

መልስ፦ ትሬለሩን ይዘው አይግቡ። ከዋናው መንገድ ሲወጡ የሚያገኟቸው የገጠር መንገዶች ጠባብ ናቸው፣ ትከሻቸው ለስላሳ ነው፤ መታጠፊያ ስተው ካለፉ ደግሞ ለመዞር ብዙ ኪሎ ሜትር ሊሄዱ ነው። የካምፕ መኪኖች ግቢው ውስጥ ያድራሉ፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያም አላቸው፤ የጭነት ትሬለር ግን ሌላ ነገር ነው። ጆፕሊን ላይ ትሬለሩን በሕጋዊ ቦታ አቁመው በቦብቴል፣ ማለትም ያለ ትሬለር በመኪናው ራስ ብቻ፣ ይሂዱ፤ ወደ 65 ኪሎ ሜትር ነው፣ አንድ ሰዓት አይሞላም። ጭነት ያለበት ትሬለር ፈትተው ከመሄድዎ በፊት ግን ድርጅትዎንና ኢንሹራንሱን ይጠይቁ፤ ብዙ ውል ያልተጠበቀ ቦታ ላይ ጭነት መተውን ይከለክላል። የ34 ሰዓት ዕረፍት ላይ ከሆኑ ቦብቴሉን ለግል ጉዳይ መንዳትዎን በኢኤልዲው (የመንጃ ሰዓት በሚመዘግበው መሣሪያ) ላይ በትክክል ያስመዝግቡ፤ አለበለዚያ ዕረፍቱ ይቆረጥብዎታል።

ጥያቄ፦ የሠርጋችንን ፎቶ ብሩተስ ፊት ለፊት መነሣት እንፈልጋለን፤ እኔ በሐበሻ ቀሚስ። ሰዎች ሁሉ የሚለጥፉት ፎቶ ግን ወይ ማሽኑ ተቆርጧል ወይ ሰውየው አይታይም። ምን እናድርግ? (ከዊቺታ)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ! ፎቶው የሚበላሸው ሰው ሁሉ ተጠግቶ ስልኩን ወደ ላይ ስለሚያቀና ነው። 49 ሜትር ቁመት ያለውን ነገር በስልክ ዋና ካሜራ፣ ስልኩን ቀና ሳያደርጉ፣ ሙሉውን ለማስገባት 70 ወይም 80 ሜትር ወደ ኋላ መራቅ ያስፈልጋል። ሰፊ ማዕዘን ያለውን ሌንስ ቢጠቀሙ ይገባል፣ ግን ቡሙ ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል፤ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰውም ይለጠጣል። ማሽኑን ከጎኑ ያንሡት፤ ቡሙ፣ ክንዱና ባኬቱ ተለይተው የሚታዩት ያኔ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓይነት ፎቶ ይኑራችሁ። ግዝፈቱ እንዲታይ ከፈለጋችሁ እናንተ መቆም ያለባችሁ ማሽኑ ሥር ነው እንጂ ካሜራው አጠገብ አይደለም። ካሜራው አጠገብ ከቆማችሁ ብሩተስ ከኋላችሁ አሻንጉሊት ይሆናል። ፊታችሁ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ደግሞ ማሽኑን ሙሉውን ለማስገባት መሞከሩን ተዉትና ባኬቱ ውስጥ ወይም ጥርሶቹ አጠገብ ተነሡ፤ ነጭ ልብስ ከዛገና ከብርቱካናማ ብረት ጋር ያምራል።

ነጭ ልብስ ካልን ዘንድ፣ የማርሽ ጥርስና የብረት ገመድ ባለበት ሁሉ የቆየ ግራሶ እንዳለ ቆጥራችሁ ተንቀሳቀሱ። ውስጥ ለመግባት ካሰባችሁ በተራ ልብስ ገብታችሁ ውጡና ከዚያ ልበሱ። ጥለቱን ግራሶ ከነካው ውኃ አታስነኩት፤ በደረቅ ወረቀት ተጭናችሁ ካነሣችሁ በኋላ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በደረቁ ቀቡት፣ ቆይቶ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ። ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ በብረቱ ወለል ቀዳዳ ይገባል። ድሮን የምታስነሡ ከሆነ አስቀድማችሁ ሙዚየሙን አስፈቅዱ፤ ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ድሮን በኤፍኤኤ (በአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት) መመዝገብ አለበት፣ አብራሪውም ክፍያ የሚቀበል ከሆነ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሚያዝያና ግንቦት ለሠርግ ይወደዳሉ፣ በዚያ አገር ግን የነጎድጓድና የአውሎ ነፋስ ወር ናቸው። መብረቅ ሲጀምር የዚያን ያህል ከፍታ ካለው ብረት ሥር አይቆምም።

ጥያቄ፦ ኢሊኖይ ውስጥ ካፕቴን የሚባል ከብሩተስ የሚበልጥ አካፋ እንዳለ ሰምቻለሁ። የት ነው የሚጎበኘው? (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ የትም። ካፕቴን በእርግጥ ይበልጥ ነበር፣ ባኬቱም የብሩተስን ሁለት እጥፍ ይይዝ ነበር፤ ነገር ግን በ1991 ውስጡ እሳት ተነሥቶ ለሰዓታት ነደደ፣ በ1992 ተቆራርጦ ተሸጠ። ኦሃዮ የነበረውን ሲልቨር ስፔድን ለሙዚየም ለማትረፍ ሰዎች ገንዘብ ሲያሰባስቡ ቆይተው አልሞላላቸውም፤ በ2007 እሱም ፈረሰ። ብሩተስን የለየው ባለቤቱ የፒትስበርግና ሚድዌይ የከሰል ኩባንያ ማሽኑን ብቻ ሳይሆን የቆመበትን መሬትና ለማደሻ የሚሆን 100,000 ዶላር ጨምሮ መስጠቱ ነው። መሬት የሌለው ማሽን በመጨረሻ የሚሸጠው በኪሎ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከቀሩት የኤሌክትሪክ አካፋዎች ትልቁ ብሩተስ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ኦሃዮ ውስጥ ቢግ መስኪ የሚባል ነበር ይባላል። ቅዳሜ ልጆች ይዞ ለመሄድ ይሆናል? (ከኮሎምበስ)

መልስ፦ ይሆናል፤ የሚያዩት ግን ባኬቱን ብቻ መሆኑን ልጆቹ ከወዲሁ ይወቁ። ቢግ መስኪ አካፋ ሳይሆን ድራግላይን ነበር፤ ባኬቱን በገመድ ወርውሮ ወደ ራሱ ይጎትታል። በሰንሰለትም አይሄድም ነበር፣ በግዙፍ ጫማዎች ይራመዳል። ከ1969 እስከ 1991 ሠርቶ በ1999 ፈረሰ። የተረፈው ባኬት በስቴት ሩት 78 ላይ፣ ከማክኮነልስቪል በስተምሥራቅ፣ የማዕድን ሠራተኞች መታሰቢያ ፓርክ ውስጥ ተቀምጧል። ባዶውን 209 ቶን ይመዝናል፣ 168 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ከብሩተስ ባኬት ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው። ክፍያ የለውም፤ ውስጡ ገብተው መሮጥ ይችላሉ። ጠርዙ ላይ ግን አያውጧቸው።

ባኬቱን አይቶ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ መንገዱ ደግሞ መሄጃው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ለዚያ ብቻ ከሄዱ ልጆቹ ያጉረመርማሉ። ከከምበርላንድ አጠገብ ያለውን ዘ ዋይልድስን ይጨምሩበት። 10,000 ኤከር ገደማ የሆነ የእንስሳት ፓርክ ነው፤ ቀድሞ የከሰል ማዕድን የነበረ፣ በኋላ ሣር የለበሰ መሬት ላይ ነው የተሠራው። ቀጭኔና አውራሪስ ሜዳው ላይ ሲግጡ የሚያዩበት መሬት አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ማሽን ተገልብጧል። ጉብኝቱ በአውቶቡስና በተያዘ ሰዓት ስለሆነ ቲኬቱን አስቀድመው ይግዙ፣ የብርዱን ወራት መርሐ ግብርም ይመልከቱ። እዚያ ካሉት የግሬቪ የሜዳ አህያ የእኛም አገር እንስሳ ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1880ዎቹ ከአቢሲኒያ አንዱ በስጦታ ከተላከለት ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከዡል ግሬቪ ነው። ቅደም ተከተሉ ጠዋት ባኬቱ፣ ከሰዓት እንስሳቱ ቢሆን ይሻላል፤ ከተገለበጠ ባኬቱን የሚያይ ልጅ አይኖርም።

ጥያቄ፦ ብሩተስ አካባቢ ብዙ ሐይቅ በካርታ ላይ ይታያል። ዓሣ ይጠመዳል? ይዋኛል? (ከተልሳ)

መልስ፦ እነዚያ ረጃጅም ቀጫጭን ሐይቆች ከላይ ለአዳማው ተማሪ የነገርነው የመጨረሻ ቦዮች ናቸው፤ የሚሞላቸው አፈር ስላልነበረ ውኃ ሞላቸው። በመካከላቸው ያሉት ዛፍ የበቀለባቸው ጉብታዎች የተደፋው አፈር ናቸው። ብዙዎቹ ዛሬ በካንሳስ የዱር እንስሳትና ፓርኮች መሥሪያ ቤት ሥር ናቸው፣ ዓሣ ይጠመድባቸዋል። ከኦክላሆማ ስለሚመጡ የካንሳስ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ፈቃድ መግዛት አለብዎ፤ በስልክ ይገዛል። ዳርቻው ቀስ እያለ የሚጠልቅ አይደለም፤ የተቆፈረ ግድግዳ ስለሆነ አንድ እርምጃ አልፈው ከራስዎ በላይ ጥልቀት ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ዋና ይቅርብዎ፤ ልጅ ካለ ደግሞ ሲያጠምድም የመንሳፈፊያ ጃኬት ይልበስ።

ጥያቄ፦ አውሮፓ ያለነውስ? በርሊን ነው ያለሁት፣ መኪና የለኝም። (ከበርሊን)

መልስ፦ እንዲያውም የተሻለውን ያገኙት እርስዎ ነዎት። ሊሽተርፌልድ ላይ ያለው ኤፍ 60 ከብሩተስ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ 502 ሜትር ርዝመትና 80 ሜትር ቁመት ያለው፣ 11,000 ቶን የሚመዝን የኮንቬየር ድልድይ ነው። ሥራው ግን ያው ነው፦ ከከሰሉ በላይ ያለውን አፈር ወስዶ ከሰሉ ወደ ተነሣበት ወገን መድፋት። ብሩተስ በባኬት የሚያደርገውን ይህ ሳያቋርጥ በቀበቶ ያደርገዋል። በ1991 ሥራ ጀምሮ በ1992 ቆመ፤ ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ የምሥራቁ የከሰል ማዕድኖች አንድ በአንድ ሲዘጉ ማዕድኑም ተዘጋ። ከ2002 ጀምሮ ጎብኚ ይወጣበታል፣ ወደ 75 ሜትር ከፍታ።

መውጣቱ ከአስጎብኚ ጋር ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፣ ሄልሜት ይሰጣሉ። ወለሉ ወንፊት ብረት ስለሆነ እግርዎ ሥር ባዶው ይታያል። ከፍታ የሚያስፈራዎ ከሆነ ዓይንዎን ሩቅ ላይ ያኑሩ፤ መሐል ላይ ደርሶ መመለስ ቡድኑን በሙሉ ያስቆማል። ላይ ነፋስ ስላለ ከታች ሞቃት ቢሆንም ጃኬት ይያዙ፤ ኮፍያ፣ መነጽርና ስልክ በማሰሪያ ይሁኑ። በነጎድጓድና በኃይለኛ ነፋስ ይዘጋል፤ በሞቃቱ ወራት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ስለሚበዛ የጠዋቱን ጉብኝት ይምረጡ።

ሌላው ፌሮፖሊስ ነው፤ ግሬፈንሃይኒሸን አጠገብ፣ በቀድሞው የጎልፓ ኖርድ ማዕድን። አምስት ማሽኖች በአንድ ቦታ ቆመዋል፣ ጌሚኒ የሚባለው ላይ መውጣት ይቻላል። ልዩ ልዩ ዓይነት ማሽኖችን ማወዳደር ለሚፈልግ ይህ ይበልጣል፤ ለከፍታ ኤፍ 60 ይሻላል። የሙዚቃ ፌስቲቫል ባለበት ሰሞን ግን ለተራ ጎብኚ ስለማይመች ቀኑን አስቀድመው ይዩ።

ወደ ሁለቱም በክልል ባቡር ይደረሳል፣ በመላ ጀርመን ለክልል ባቡር የሚያገለግለው ወርኃዊው ዶይችላንድ ቲኬት ይሠራል። ወደ ኤፍ 60 በዶበርሉግ ኪርሽሃይን ቀይረው ፊንስተርቫልደ ይወርዳሉ፤ ወደ ፌሮፖሊስ ግሬፈንሃይኒሸን ይወርዳሉ። ችግሩ ከጣቢያው በኋላ ያለው የመጨረሻ መንገድ ነው። ቅዳሜና እሑድ የገጠር አውቶቡስ እምብዛም የለም። ብስክሌትዎን ባቡሩ ላይ ይጫኑ፣ ለብስክሌቱ የተለየ ቲኬት መቁረጥዎን ሳይረሱ፤ አገሩ ሜዳ ስለሆነ ከሁለቱም ጣቢያ በቀላሉ ይደርሳሉ። ብስክሌት ካልሆነ ታክሲውን ከአንድ ቀን በፊት በስልክ ይያዙ፤ የመመለሻውንም ጭምር፣ ጣቢያው ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ታክሲ አያገኙም።